ግዙፉ ኒውክለስ

ስላይዱን ማይክሮስኮፕ ላይ ባስቀመጥኩ በመጀመሪያው ደቂቃ ፍርዴን ሰጥቼ ነበር። አንገት ላይ ካለው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ፣ ከታይሮይድ፣ በቀጭን መርፌ የተወሰደ የሴል ናሙና ነው። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ ያለው «በቀኝ በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር እባጭ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ከጎረቤቶቻቸው ሦስትና አራት እጥፍ የገዘፉ፣ ቀለም ጠጥተው የጠቆሩ ኒውክለሶች (የሴል እምብርቶች) አፈጠጡብኝ። ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚያከማችበት ዝልግልግ ነገር፣ ኮሎይድ፣ የለም ማለት ይቻላል። የታይሮይድ ናሙና ውጤት በስድስት በሚከፈልበት በቤቴስዳ አመዳደብ አምስተኛው ምድብ፣ ማለትም «ለካንሰር አጠራጣሪ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ቃል የያዘ ውጤት የደረሳት ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና ነው የምትሄደው።

ከመፈረሜ በፊት ለአንድ አንጋፋ ባልደረባዬ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ «እንዲህ ያለው ስንቱ ነው? እስኪ ቁጠሪልኝ» አሉ። ሠላሳ ያህል ሴሎች ባሉበት ክምችት ውስጥ ግዙፎቹ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። የቀሩት ትንንሽ፣ ክብና ጨዋ ናቸው። የግዙፎቹም ሳይቶፕላዝም፣ ማለትም በኒውክለሱ ዙሪያ ያለው የሴሉ አካል፣ አብሮ ሰፍቷል፤ ስለዚህ ኒውክለሱ ከሴሉ የያዘው ድርሻ እምብዛም አልጨመረም። በኒውክለሱ ውስጥ ያለው የዲኤንኤ ክር፣ ክሮማቲኑ፣ ውኃ እንደነካው ጽሑፍ ደብዝዟል። ፓፒላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር እንዲህ አይደለም፤ ሴሎቹ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ኒውክለሳቸው ፈዘዝ ያለ፣ ጠርዙ የተጣመመ፣ መሐሉ ላይ ቦይ የተሰመረበት ነው።

ወደ ላኪው ሐኪም ደወልኩ። «አዎ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ለሆርሞን መብዛት ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወስደዋል። አልጻፍኩትም እንዴ?» አሉ። አልጻፉትም።

ታይሮይድ ለሕክምና የሚሰጠውን ራዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ አዮዲን 131ን፣ ከተራው አዮዲን አይለየውም፤ ስቦ ያስገባዋል። የሚለቀው የቤታ ጨረር ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ ጉዳቱም እዚያው ዕጢው ውስጥ ይቀራል። ብዙ ሴል ይሞታል። የተረፈው ግን ዲኤንኤው ስለተጎዳ በወጉ ሳይከፋፈል ኒውክለሱ ይገዝፋል። የአዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚያልቅበት ጊዜ) 8 ቀን ስለሆነ ጨረሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል፤ በሴሎቹ ላይ የጣለው ምልክት ግን ከዓመታት በኋላም ይታያል። ያንን ውጤት ቀድጄ «ገር (ካንሰር ያልሆነ) እባጭ፤ ከራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና ጋር የሚሄድ የሴል ለውጥ አለው» ብዬ እንደገና ጻፍኩ። በአልትራሳውንድ ክትትል እንዲደረግም አሳሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት አዋቂ መሰልኩ። የተሟላ ታሪክ የያዘ ሌላ ወረቀት ሲመጣ «አዮዲን» የሚለውን ቃል ገና እንዳነበብኩ ዓይኔ ሰነፈ። ከዚህኛው ታካሚ ሁለት ስላይዶች የመጀመሪያው በአየር የደረቀ ነበር። በአየር የደረቀ ሴል ይለጠጣል፣ ኒውክለሱም ካለው መጠን በላይ ሰፍቶ ይታያል፤ እኔም ለዚያ ግዝፈት ምክንያት ስለነበረኝ ደስ አለኝ። በአልኮል የቆየው ሁለተኛው ስላይድ ግን ሌላ ነገር ያዘ። አንድ ዓይነት ፈዛዛ ኒውክለስ ያላቸው፣ እርስ በርስ የተደራረቡ ሴሎች ታዩኝ። በአንደኛው ኒውክለስ ውስጥ ዳር ድንበሩ በስለት የተቆረጠ የሚመስል፣ ቀለሙ ከሳይቶፕላዝሙ የማይለይ ክብ ቀዳዳ መሰል ነገር አለ። ጨረር ኒውክለስን ያገዝፋል፣ ያጠቁራል፤ ይህን ሁሉ ባንድነት በሴል ክምችት ሙሉ ሲያደርግ ግን አላየሁም። በዚህኛው አምስተኛው ምድብ ጸና፤ በቀዶ ሕክምና የወጣው ዕጢም ፓፒላሪ ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን በጀርባው ገልብጬ ስላይዱን አያለሁ፤ ያየሁትን ከጻፍኩ በኋላ ነው ታሪኩን የማነበው፤ ከዚያም ወደ ስላይዱ እመለሳለሁ። ሁለት ጊዜ ማየት ጊዜ ይበላል፤ ቢሆንም አልተውኩትም። በጥያቄ ወረቀቱ ላይም «ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወስደዋል? መቼ?» የሚል መስመር አስጨምሬአለሁ። ከሚላኩልኝ ወረቀቶች ብዙዎቹ ይህን መስመር ባዶ እንደተዉት ነው የሚደርሱኝ፤ ስልኩን አነሳለሁ።