ላሌሊ ለዕቃ ስትሄዱ ሱለይማኒዬን ሳታዩ አትመለሱ

ኢስታንቡል ለዕቃ የሚመላለስ የመርካቶ ነጋዴ ላሌሊን አብጠርጥሮ ያውቃል። የትኛው ሱቅ በጅምላ እንደሚሸጥ፣ የትኛው ካርጎ ቶሎ እንደሚልክ፣ የቱ ሆቴል ዕቃ እንደሚያስቀምጥ አይጠፋውም። ግን ከዚያው ከላሌሊ ተነስቶ፣ የዩኒቨርሲቲውን አጥር ተከትሎ ወጥቶ የሱለይማኒዬን መስጊድ ያየ ሰው ስጠይቅ ብዙም አላገኝም። «ሰማያዊውን መስጊድ አይተነዋል» ይሉኛል። እሱም ውብ ነው። አያ ሶፊያንም ያላየ ሰው እንዲያይ እመክራለሁ። የእኔ ልብ የቀረው ግን ሱለይማኒዬ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሻርፑንና ዓባያውን ትቼ ስለዚህ መስጊድ ልጻፍላችሁ።

መስጊዱ ያለው ኮረብታ ላይ ነው። ከጀርባው ስትቆሙ ሃሊች የሚሉት የባሕር ወሽመጥ ቁልቁል ይታያል። ያሠራው ሱልጣን ሱለይማን ነው፤ ያ በቱርክ ድራማ የምታውቁት፣ የሁረም ባል። ግንባታው በፈረንጆቹ 1550 ተጀምሮ በ1557 አለቀ። በዚያው በ1557 የሱልጣኑ ጦር ምጽዋን ያዘ። ይሄን ሳነብ ትንሽ ደንግጫለሁ። እዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያርፍ በእኛ በኩል ደግሞ በቀይ ባሕር ዳርቻ የእነሱ መድፍ ቆሞ ነበር። ሕንፃውን መውደዴ ይህን አያስረሳኝም።

ሠሪው ሲናን ይባላል። ቱርኮቹ ሚማር ሲናን ይሉታል። ካይሴሪ አካባቢ ከክርስቲያን ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ነው። ለሱልጣኑ አገልግሎት ተወስዶ ሰለመ፤ ወታደር ሆነ፤ ከጦሩ ጋር እየዘመተ ድልድይና መንገድ ሠራ። የሱልጣኑ ዋና አርክቴክት የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዕድሜውም ገፋ ብሎ ነበር። ሱለይማኒዬን የረዳትነት ዘመኔ ሥራ ብሎ ይጠራው ነበር ይባላል። የሊቅነቴ ሥራ የሚለው ኤዲርኔ ከተማ ያለውን ሰሊሚዬ መስጊድ ነው። እሱን ገና አላየሁትም፤ ኢንሻአላህ አያለሁ።

ለዐስር፣ ማለትም ለከሰዓቱ ሶላት ነበር የገባሁት። ጎብኚዎች ከመከለያው ወዲህ ነው የሚቆሙት። በር ላይ ያለው ሰውዬ ወደዚያው ሊመራኝ ሲል «ናማዝ» አልኩት፤ በቱርክኛ ሶላት ማለት ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አሳለፈኝ። የሴቶች መስገጃ ከኋላ በኩል ነው። ተቀመጥኩና ቀና አልኩ። ሱብሓነላህ!

ጉልላቱ ከወለሉ 53 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ስፋቱ የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ግን ቁጥሩን ከማወቄ በፊት የተሰማኝ ሌላ ነገር ነው። ያንን የሚያህል ድንጋይ ከራሴ በላይ ተንጠልጥሎ ጭንቅ አይልም። መተንፈሻ ይሰጣል። ዓይን ከዋናው ጉልላት ወደ ግማሽ ጉልላቶቹ ይወርዳል፣ ከግማሾቹ ወደ ትናንሾቹ፣ ከዚያ ወደ ቅስቶቹ፣ ከዚያ ወደ ምንጣፉ። የትም ቦታ አይደናቀፍም።

ክብደቱ የት ሄደ? እኔ ሁሌም የምጠይቀው ይሄን ነው። ጉልላቱ በአራት ግዙፍ ዓምዶች ላይ ተቀምጧል። በመግቢያውና በሚህራቡ፣ ማለትም የመካን አቅጣጫ በሚያሳየው የግድግዳ ጎድጓድ በኩል፣ ሁለት ግማሽ ጉልላቶች ይደግፉታል። በግራና በቀኝ ግን ደጋፊው ግንብ ወፍራምና ከባድ መሆን ነበረበት። ሲናን ግንቡን ከግድግዳው ጋር አዋህዶ ግማሹን ወደ ውስጥ ግማሹን ወደ ውጭ አደረገው። ከዚያ ፊት ለፊቱ ሰገነትና በረንዳ ሠርቶ ሸፈነው። ጥሩ ልብስ ሰፊ ስፌቱን በውስጥ እንደሚደብቀው ማለት ነው። የምታዩት ውበቱን ብቻ ነው፤ ድካሙ ከኋላ አለ። በዚህ ምክንያት የጎኑን ግድግዳ በመስኮት መሙላት ቻለ። ብርሃኑ የሚገባው ከዚያ ነው።

ድምፁ ሌላ ነው። ጉልላቱ ውስጥ ባዶ የሸክላ ገንቦዎች አፋቸው ወደ ታች ተደርጎ ተገንብተዋል፤ ድምፅ እንዳይዛባና እንዳይጮህ። ኢማሙ «አላሁ አክበር» ሲሉ ከኋላ ያለነው ሴቶች ጋ እንኳን ለስለስ ብሎ ደረሰ። ዛሬ ማይክ አለ፤ ግን ሲናን ይሄን ያሰበው ማይክ ሳይኖር ነው። መጨረሻ ሰልፍ ላይ የቆመውን ሰው አስቦ ነው የሠራው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን የጥቀርሻው ነገር ነው። በዚያ ዘመን መስጊዱ የሚበራው በሻማና በዘይት ነበር። ያ ሁሉ ጭስ ግድግዳውን ማጥቆር ነበረበት። ሲናን አየሩ ጥቀርሻውን እየገፋ ከዋናው በር በላይ ወዳለች ክፍል እንዲወስደው አደረገ። እዚያ የተጠራቀመው ጥቀርሻ ተሰብስቦ የጽሕፈት ቀለም ይሠራበት ነበር ይላሉ። ግድግዳው ንጹሕ ሆነ፤ የሰጋጁ ሳንባ ዳነ፤ ጸሐፊዎቹም ቀለም አገኙ። እኔ አምላክን ማክበር እንዲህ ሲሆን ነው ደስ የሚለኝ። ወርቅና ዕንቁ የተለጠፈበት መስጊድም አይቻለሁ፤ ያብረቀርቃል። ይሄኛው ግን ስለ እኔ ያሰበ ሰው እንዳለ ነገረኝ።

ጌጥ የለም ማለቴ አይደለም። በሚህራቡ ዙሪያ ያለው የኢዝኒክ ሴራሚክ አለ። ነጭ መደብ ላይ ሰማያዊና ቱርኩዋዝ፣ ከዚያ ደግሞ ያ ደማቅ ቀይ። ያ ቀይ በኢዝኒክ ሴራሚክ ላይ ገና አዲስ ነበር። በዚህ መጠን ግድግዳ ላይ ከወጣባቸው የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ይሄ መስጊድ ነው። ሥራዬ ከቀለም ጋር ነውና ቶሎ አየሁት። ደግሞም ቁጥብ ነው። ሰማያዊው መስጊድ በሺዎች በሚቆጠር ሴራሚክ የተሞላ ነው፤ እዚህ ግን ወደ መካ በሚያየው የቂብላው ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። ዓይናችሁን ወደምትሰግዱበት ይስበዋል እንጂ አይበትነውም። የቁርኣን ጽሑፎቹ የታዋቂው ቁም ጸሐፊ የአሕመድ ካራሂሳሪ ተማሪ የሐሰን ቸለቢ ሥራ ናቸው።

ከሶላት በኋላ መብራቶቹ መሃል የተንጠለጠለ እንቁላል አየሁ። ትልቅ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ትልቅ ሴትዮ መገረሜን አይተው ስልካቸው ላይ ጻፉና አስተረጎሙልኝ፦ የሰጎን እንቁላል ነው፤ ሸረሪት ድር እንዳያደራ ይጠብቃል። እኔ የሰጎን እንቁላል የማውቀው በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ መስቀሉ ላይ ነው። በልጅነቴ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳልፍ አንጋጥጬ አየው ነበር። ይሄንን ለሴትዮዋ ለማስረዳት ብዙ ታገልኩ። ሲገባቸው ሳቁና እጄን ያዙኝ።

መስጊዱ ብዙ ጉዳት አልፎበታል። በ1660 ተቃጥሏል። በ1766 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግቢው የመሣሪያ ማከማቻ ሆኖ ጥይቱ ተቀጣጥሎ እንደገና ተቃጠለ። ግን እየጠገኑት ቆሟል።

ደግሞ መስጊዱን ብቻ አይታችሁ አትውጡ። ዙሪያውን ያለው ሁሉ የእሱ ነው። አራት መድረሳዎች (የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች)፣ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ የገላ መታጠቢያ፣ የመንገደኛ ማረፊያ፣ ለድኻና ለተማሪ ምግብ የሚያበስል ወጥ ቤት። ይሄ ሁሉ በወቅፍ፣ ማለትም ለበጎ ሥራ በተሰጠ ንብረት ገቢ ይተዳደር ነበር። ሰው ታሞም፣ ተርቦም፣ ሊማርም የሚመጣው ወደዚሁ ነበር። የእኛ አንዋርም በዙሪያው ስንቱን ይዞ እንደሚኖር የመርካቶ ሰው ያውቀዋል፤ ልመናውም፣ ሶደቃውም፣ ንግዱም እዚያው ነው። ለዚህ ይሆናል ሱለይማኒዬ ባዕድ ያልሆነብኝ።

እንግዲህ ልትሄዱ ካሰባችሁ፦ ጁምዓ ቀን ለመጎብኘት አይመችም፤ ለሶላት ከሆነ ግን እሰየው። ካልሲ ያዙ፣ ጫማ ይወልቃል። ወንዶችም አጭር ሱሪ አትልበሱ። የሱለይማንና የሁረም መቃብር ከመስጊዱ ጀርባ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። የሲናን ግን ከግቢው ውጭ፣ ጥግ ላይ ነው። ትንሽ ናት፣ ብዙ ሰው አያያትም። ጠይቃችሁ ሂዱና ፋቲሐ ቅሩለት።

ሲርባችሁ ሩቅ አትሂዱ። ከመስጊዱ ፊት ለፊት፣ ድሮ የመድረሳው ሱቆች በነበሩት ቤቶች፣ ነጭ ቦሎቄ በቲማቲም ሲልሲ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ኩሩ ፋሱልዬ ይሉታል፤ እሱን በሉ። ሩዝ ይጨመርበት።