ካሸር ሆኜ ካሸር መሆን አቃተኝ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ስድስት ኪሎ አብራኝ ትያትር የተማረች ጓደኛዬ ናት። "ስሚ፣ ያቺ ሩት ነጋ የምትባለዋ እናንተ ጋ አይደለች እንዴ? ለምን ፈልገሽ አታገኛትም? ሐበሻ ናት፣ አትጨክንብሽም። ደሞ አንቺ ከማን ታንሻለሽ!"

አሜሪካ ለጓደኞቼ አንድ ግቢ ናት። ጠዋት ልብስ ስታሰጪ ከሩት ጋር በአጥር ላይ "እንዴት አደርሽ" የምትባባዪበት። ሰውዬው ሎስ አንጀለስ ይሁን ቦስተን፣ "እዚያው አይደላችሁ?" ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ መልእክቱን የሰማሁት ዲሲ መሐል ከተማ ካለ የመኪና ማቆሚያ ወጥቼ ነው። አሥር ሰዓት ሙሉ በጠባቧ ኪዮስክ ውስጥ ተቀምጬ፣ እጄ ሳንቲም ሳንቲም እየሸተተ። መልስ ሳልሰጣት ተኛሁ። ተኛሁ ማለት ጋደም አልኩ። "ከማን ታንሻለሽ" ስትል ያለችው ነገር ሲከነክነኝ አደረ።

ለማያውቃት፣ ተዋናይቷ ሩት ነጋ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ ለሥራ የመጣች አይሪሽ ነርስ። የአራት ዓመት ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ ሄደች፣ ሊመሪክ የምትባል ከተማ አደገች። አባቷ ሰባት ዓመቷ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። እዚህ ጋ ሁሌም ቆም እላለሁ። እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። ሰው ሰብሰብ ብሎ ገና ሳይነጋ በር ያንኳኳል። ሊመሪክ ላይ የዚያችን ልጅ በር ማን አንኳኳላት?

ከዚያ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብታ ትወና ተማረች። መድረክ ሠራች፣ የአየርላንድና የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሠራች። በ2011 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ ይቅርታ) ዘፋኟን ሸርሊ ባሲን ሆና በቢቢሲ ታየች። የአሜሪካ ተከታታይ ድራማዎች ቀጠሉ። ዓለም ስሟን የያዘው ግን በ2016፣ "ላቪንግ" በሚባለው ፊልም ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ከሠራች በኋላ ማለት ነው። ለነጋም ቶሎ አልነጋም።

ፊልሙ እኔ የምኖርበት ቨርጂኒያ ውስጥ የሆነ እውነተኛ ታሪክ ነው። የተቀረጸውም እዚሁ ነው። ሚልድሬድ ጥቁር፣ ሪቻርድ ነጭ። በቨርጂኒያ ሕግ መጋባት ስለማይችሉ በ1958 ዲሲ ሄደው ተጋቡ። ወደ መንደራቸው ከተመለሱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሸሪፉ በሌሊት መኝታ ቤታቸው ድረስ ገብቶ አሰራቸው። ዳኛው አንድ ዓመት እስር ፈረደ፤ ከክፍለ ግዛቱ ከወጡና ለ25 ዓመት አብረው ካልተመለሱ ግን ይቅርላቸው አለ። ዲሲ ገቡ። ከመንደራቸው ዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሚልድሬድ ግን አልቻለችም። ሜዳው፣ ዘመዶቿ፣ የገጠሩ አየር ናፈቋት። በመጨረሻ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች። ጉዳዩ ወደ ሲቪል መብት ጠበቆች ተመራ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1967 ዘጠኙም ዳኞች ፈረዱላት።

እኔ በየቀኑ የፖቶማክን ወንዝ በአውቶቡስ እሻገራለሁ። ከአሌክሳንድሪያ ዲሲ፣ ከዲሲ አሌክሳንድሪያ። እሷ ከባሏ ጋር በሕግ ወደዚህኛው ማዶ ለመመለስ ስምንት ዓመት ከምናምን ፈጀባት። ለሁለት ሰዓት መንገድ! እኔ ከአሥራ ሦስት ሰዓት በላይ በሚፈጅ በረራ ተለይቼ "ለምን ታለቅሻለሽ፣ አሜሪካ ገብተሽ" እባላለሁ።

ሩት በዚያ ፊልም ብዙ አትናገርም። የሚልድሬድን የድሮ ምስሎች አጥንታ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ የቨርጂኒያን ገጠር ሴት ሆና ቁጭ አለች። አዲስ አበባ ተወልዳ ሊመሪክ ያደገች ልጅ! እኔ ስንት ዓመት የኖርኩባትን ቨርጂኒያ በአፏ አስገባቻት። አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ።

በ2019 አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን አሳየችኝ። የአንድ ኩባንያ ማስታወቂያ ሊሠራ ነው፣ ኦዲሽን አለ። የሚፈለገው፦ የፓርኪንግ ካሸር፣ ሴት፣ ስደተኛ፣ ከ30 እስከ 40 ዓመት። ሁለታችንም ሳቅን። እግዜር ራሱ የጻፈልኝ ነው የመሰለኝ። ፈረቃ ለወጥኩ፣ ፀጉሬን ተሠራሁ፣ ሄድኩ። ንግግሩ ሁለት መስመር ነው። "ሃያ አምስት ዶላር ነው። መልካም ቀን።" በቀን ሁለት መቶ ጊዜ የምለው!

መጀመሪያ በተማርኩት መንገድ አልኩት። እኛ ደግሞ የተማርነው ድምፃችን መጨረሻ ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ ጋ እንዲደርስ ነው። ካሜራው ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ ላይ ነው፣ እኔ ለብሔራዊ ትያትር ሰገነት እናገራለሁ። ልጁ (ዳይሬክተሩ ልጅ ነው፣ ሃያ አምስት ዓመት አይሞላውም) ጆሮውን ያዝ አድርጎ "ቀለል አድርጊው" አለኝ። እሺ። ሥራ ቦታ እንደምለው አልኩት። ጎረቤቱን አየት አደረገና "ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ በአክሰንት?" አለኝ።

ያልኩት በአክሰንት ነው። ሌላ የለኝም። ይሄንኑ ነገርኩት። "አይ፣ እንደሱ ሳይሆን፣ ትንሽ አፍሪካዊ እንዲሆን" አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። በፊልም ያየው አንድ አፍሪካዊ አለ፣ "አር" ን እየደበደበ የሚናገር። ሞከርኩት። እናንተ፣ ሞከርኩት! አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚያመኝ ይሄ ነው። ቆሜ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ በዓለም ላይ የማይኖር አገር ሰው ለመሆን ታገልኩ። ሲያበቃ አመሰገኑኝ። በሩ ሳይዘጋ ግን "ካሸር አትመስልም" ሲባል ሰማሁ።

ከወራት በኋላ ማስታወቂያውን በቴሌቪዥን አየሁት። ካሸሯ አሜሪካ የተወለደች መሆኗን አንገቷ ይናገራል። አክሰንቷ ግን የታዘዘው ነው። አብሮኝ የሚሠራው ሰውዬ "ይቺ የየት አገር ሰው ናት?" አለኝ። ዝም አልኩት።

ፈረንጁን ብቻ እንዳላማ፣ የኛም አለ። ትያትር ልማር ስል እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። "አዝማሪ ልትሆኚ ነው ያስተማርኩሽ?" ነበር ያለችው። በጥር 2017 ሩት ለምርጥ ተዋናይት ኦስካር ስትታጭ ግን ደውላ "የኛ ልጅ" አለችኝ። የዝግጅቱን ሌሊት አብሮ የሚኖረው ቤተሰብ ሁሉ ሳሎን ተሰብስበን አየን። ዓቢይ ጾም ስለነበር በሽሮና በቡና። ሩት አንገቷ ድረስ የተዘጋ፣ እጅጌው ረጅም ቀይ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ደረቷ ላይ ሰማያዊ ሪባን፣ ለሚልድሬድ የተሟገተው የሲቪል መብት ማኅበር ምልክት። የቤቱ ታላቅ እትዬ ግን ያዩት እጅጌውን ነው። "አየሽ ጨዋ ልጅ! ደም አይጠፋም!" አሉ። ኤማ ስቶን ስታሸንፍ "ዘረኞች" ብለው ተኙ። የሩትን አንድም ፊልም አላዩም። በሰላሙ ጊዜ ልጃቸው ተዋናይ ልሁን ብትላቸው ምን እንደሚሉ ደግሞ አውቃለሁ።

አገር ቤት ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ለመድረክ ሥራ መጥታችሁ ለመቅረት ያሰባችሁ፣ እንካችሁ። ሩት አራት ዓመቷ ላይ ነው የወጣችው። እናንተ ሰላሳ አራት ላይ ነው የምትወጡት። መጀመሪያ ሰሞን ሐበሻው አዳራሽ ተከራይቶ ያሠራችኋል። ስድስት ሰዓት የተባለው ስምንት ሰዓት ይጀመራል፣ ልጆች መድረኩ ሥር ይሯሯጣሉ፣ ክፍያው "እግዜር ይስጥልን" ነው። ከዚያ ኪራይ ይመጣል። እዚህ አስተናጋጁም ሹፌሩም ተዋናይ ነው፣ ያውም እንግሊዝኛ በእናቱ ጡት የጠባ። መምጣታችሁ ካልቀረ ወረቀታችሁን፣ ቋንቋውን፣ ሌላ የእጅ ሙያ ያዙ። ፀጉር ሥራ እንኳ ቢሆን። የኔን ኦዲሽን ፀጉር የሠራችው ልጅ ከኔ በላይ ታገኛለች።

ስለ "ፈልጊያት" ደግሞ። አንድ ጊዜ ቀርቤያት ነበር። ሩት በ2018 ደብሊን ላይ ሐምሌትን ሆና ሠርታለች። ሴቷን ኦፌሊያን አይደለም፣ ራሱን ልዑሉን ሐምሌትን! በ2020 መጀመሪያ ያንኑ ትያትር ብሩክሊን አመጡት። ከዲሲ በአውቶቡስ አራት አምስት ሰዓት ነው። እኔና ጓደኛዬ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን "ሐምሌት" ክፍል ውስጥ ስንለማመድ ያደርንባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉኝ። ትኬቱን አየሁ፣ ፈረቃዬን አየሁ፣ የቤት ኪራዩን አየሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኩ። ከዚያ ኮሮና ገባ።

ትናንት ለጓደኛዬ መልስ ሰጠሁ። ብዙ ልናገር አስቤ ስልኩን ስይዝ አፌ እምቢ አለ። በዚያ ልጁ ባዘዘኝ አክሰንት "ሃያ አምስት ዶላር ነው፣ መልካም ቀን" ብዬ በእንግሊዝኛ ቀዳሁና ላክሁላት።

ወዲያው መለሰች። "ሄሎ? ማን ልበል? የጓደኛዬን ስልክ ማነው የያዘው?"