ዲስኦነርድን ሰው ሳይገድሉ መጨረስ፤ አንቃችሁ የጣላችሁት ዘበኛ ገና አላለቀለትም

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ዲስኦነርድ የተባለ የቪዲዮ ጌም በአንድ ዙር ማንንም ሳልገድልና ማንም ሳያየኝ ጨርሼዋለሁ። «ጎስት» (ሳይታዩ ለመጨረስ) እና «ክሊን ሃንድስ» (ሳይገድሉ ለመጨረስ) የሚባሉትን ሁለት አቺቭመንቶች፣ ማለትም የጌሙን ሽልማቶች፣ አብሮ መውሰድ ለሚፈልግ ሰው ነው የምጽፈው፤ እኔ ስጀምር ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ጅማሬው አያስቸግርም። ከኮልድሪጅ እስር ቤት ትወጣላችሁ፣ ሩን ያለበትን የሚጠቁመው ልብ እጃችሁ ሲገባ በእሱ እየተመራችሁ ሩን (ችሎታ የሚገዛበትን ቅርስ) ትለቅማላችሁ። ሩኑን መጀመሪያ ለብሊንክ (በቅጽበት ወደ ሌላ ቦታ መሸጋገሪያ) ሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚያ ለአጂሊቲ (ለቅልጥፍናና ለዝላይ)፣ ከዚያ ለዳርክ ቪዥን (በግድግዳ ማዶ ማያ) አውሉት። ዲቫወሪንግ ስዋርም (የአይጥ መንጋ መጥሪያ) እና ሻዶው ኪል ለመግደል የተሠሩ ናቸውና አንድም ሩን አይገባቸውም።

የጌሙ ትልቁ ጥንካሬ ከፍታው ነው። በደንዎል ከተማ የመብራት ምሰሶው፣ ቧንቧው፣ የመስኮት ደፉ ሁሉ መቆሚያ ነው፤ ዘበኞቹም ቀና ብለው የሚያዩት ከስንት አንዴ ነው። ከአንድ ብሊንክ በኋላ ትንሽ ከታገሣችሁ ያወጣችሁት ማና (የአስማት ኃይል) ተመልሶ ይሞላል። አከታትላችሁ ከዘለላችሁ ግን ማና የሚሞላውን ሰማያዊ ጠርሙስ በከንቱ ትጨርሳላችሁ።

ጨለማን ግን አትመኑ። የቆየ ስቴልዝ (ተደብቆ የማለፍ) ጌም የለመደ ሰው ጥላ ውስጥ ከተቀመጠ የተሰወረ ይመስለዋል፤ እዚህ ጥላ የሚጠቅመው ዘበኛው ራቅ ሲል ብቻ ነው። የሚያድናችሁ ግድግዳ ነው። ከጥግ ሆናችሁ አንገታችሁን ብቻ ብታሰግጉ፣ ዘበኛው እስካልነቃባችሁ ድረስ ፊቱ ላይ ሆናችሁም አያያችሁም። ይህ የንድፍ ጉድለት ነው፤ ቢሆንም ተጠቀሙበት።

እኔን ያቃጠለኝ ጎልደን ካት በሚባለው የሴተኛ አዳሪዎች ቤት የሚካሄደው ሚሽን (ተልእኮ) ነው። ሰይፍ አልመዘዝኩም፣ ጥይት አልተኮስኩም፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሰንጠረዥ ግን አንድ የተገደለ ሰው አሳየኝ። ማን? የት? መቼ? ጌሙ አይናገርም። ሰውዬው በሞተበት ቅጽበት ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ቢወጣ ይበቃ ነበር። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ደረቅ ቁጥር መወርወር ለጥንቃቄ የሚደረግን ልፋት መናቅ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቃችሁ የጣላችሁት ሰው ከሚሽኑ እስክትወጡ ድረስ በእናንተ ኃላፊነት ሥር ነው። በዚሁ ሚሽን ባለው የዲስቲለሪ ሰፈር መተላለፊያዎች የሚርመሰመሱት አይጦች ራሱን የሳተ ሰው ካገኙ ይበሉታል፣ ሟቹም በእናንተ ስም ይጻፋል። ውኃ ውስጥ የወደቀ ይሰምጣል፤ ውኃው ጥልቅ ባይሆንም። ሰገነት ጫፍ ላይ የቆመን ዘበኛ በስሊፕ ዳርት (በሚያስተኛ ቀስት) ብትመቱት እንቅልፉ ሳይሆን ውድቀቱ ሊገድለው ይችላል። ሽቦውን ቀይራችሁ በባለቤቶቹ ላይ ያዞራችሁት አርክ ፓይለንም (በኤሌክትሪክ የሚገድል ምሰሶ) የሚፈጀው ሁሉ በእናንተ ይቆጠራል። ስለዚህ ዎል ኦፍ ላይት (የሚያልፈውን የሚያቃጥል የኤሌክትሪክ በር) ሲያጋጥማችሁ ሽቦውን አትንኩ፤ የዓሣ ነባሪ ዘይት የያዘውን ታንክ ንቀሉና ቀስ ብላችሁ መሬት ላይ አኑሩት። ከወረወራችሁት ይፈነዳል።

አንቃችሁ የጣላችሁትን ሰው ደግሞ ተሸክማችሁ አይጥ ወደማይወጣበት ከፍ ያለ ቦታ አውጡት፤ ከጫፉ ራቅ አድርጋችሁ፣ አስተኙት እንጂ አትወርውሩት።

የእኔ ጥፋት በኩዊክሴቭ (የቀድሞውን እየተካ በሚቀመጠው ፈጣን ሴቭ) ብቻ መተማመኔ ነበር። እጄ ላይ የቀረው ሴቭ ሰውዬው ከሞተ በኋላ የተቀመጠ ስለነበር ሚሽኑን ከሥሩ ደገምኩት። አሁን አንድ ሰው ባነቅሁ ቁጥር አዲስ ቦታ ላይ ሴቭ አደርጋለሁ። ሞት ከተመዘገበ ሴቮቹን ከመካከል እየከፈልኩ ወደ ኋላ እሄዳለሁ።

ከዚህ የሚሻል ምክርም አለኝ፦ በተቻለ መጠን ማንንም አንቃችሁ አትጣሉ። ጌሙ ከጀርባ ሄዶ ማነቅን እንደ ዋና ዘዴ ያስተምራል፤ እኔ አልስማማም። በእግሩ ቆሞ የሚዞር ዘበኛ ራሱን እንደሳተ ሰው በቀላሉ የአይጥ ምግብ አይሆንም። የዚህ ሚሽን ዒላማ የሆኑትን ፔንድልተን መንትዮችንም ራሳችሁ መንካት አያስፈልጋችሁም፤ የወሮበሎች አለቃው ስላክጆ የሚፈልገውን የካዝና ቁጥር ከጎልደን ካት አምጡለት፣ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ ግን የጌሙ ከባዱ ጉድለት ይወጣል። መንትዮቹ ምላሳቸው ተቆርጦ ወደ ራሳቸው ማዕድን ማውጫ ይጋዛሉ። የሌላ ሚሽን ዒላማ የሆነችው ሌዲ ቦይል ደግሞ ራሷን እንደሳተች፣ ስንት ጊዜ ሲከታተላት ለኖረ ሰው ተላልፋ ትሰጣለች። ሰንጠረዡ ይህን ሁሉ ንጹህ እጅ ይለዋል። አቺቭመንቱን ወስጃለሁ፤ በሌዲ ቦይል ግን እስካሁን ልቤ አልረጋም።

ሌላው ሚዛን ማጣቱ ነው። ለገዳይ ሽጉጥ፣ ቦምብ፣ ስፕሪንግሬዘር (የስለት ወጥመድ) እና አይጥ ተሰጥቶታል፤ ለማይገድል ማነቅና ስሊፕ ዳርት ብቻ ቀርቶለታል ማለት ይቻላል። ዳርቱም የነቃ ጠላት ላይ ወዲያው አይሠራም፣ እስኪወድቅ ጊዜ ይፈጃል። በ2016 የወጣው ዲስኦነርድ 2 በፍልሚያ መካከልም ሳይገድሉ መጣልን ጨምሮ ይህን ቀዳዳ በደንብ ደፍኖታል። የመጀመሪያውን የሚጫወት ሰው ግን አሥር ዳርት ካለው ስድስቱን ለውሾች ያቆይ፤ ውሻ አይታነቅም።

ከእያንዳንዱ ሚሽን መውጫ በፊት፣ ለምሳሌ ጀልባ ነጂው ሳሙኤል ሲጠብቃችሁ፣ ሌላ አዲስ ሴቭ ያዙ። ሰንጠረዡ ሲመጣ ስለተሰበሰበው ሳንቲም አትጨነቁ፤ ዓይናችሁ መጀመሪያ የተገደሉት ቁጥር ላይ ይሁን።