የዝምተኛው ተከላካይ ጎል

የመሀል ተከላካይ ሆኜ ነው የተጫወትኩት። ጫማ ሰቅዬ አሰልጣኝ ከሆንኩ በኋላ ግን አንድ የገባብን ጎል ከአእምሮዬ አልወጣም።

የመሀል ተከላካዩ አምበላችን ተጎድቶ በእሱ ቦታ አንድ ወጣት አሰለፍን። ፈጣን ነው፤ በአየር ላይ ኳስም የሚችለው የለም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ተጋጣሚዎቻችን ኳሷን ወደ ኋላ መለሷት። እንዲህ ሲሆን የተከላካይ መስመሩ አንድ ላይ ወደ ፊት መውጣት አለበት። ሦስቱ ወጡ። የቀኝ ተከላካያችን ግን ከክንፍ ተጫዋቹ ጋር እንደተያያዘ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረ። ኳሷ ከላይ ተጣለች፤ አጥቂው ብቻውን አገኛት። ሦስቱም «ኦፍሳይድ ነው፤ ኳሷ ስትጣል አጥቂው ከተከላካዮቹ ሁሉ አልፎ ነበር» ለማለት እጃቸውን አነሱ። ባንዲራ አልተነሳም፤ ረዳት ዳኛው ልክ ነበር። ለኦፍሳይድ አንድ ሰው ከቀረ የሌሎቹ መውጣት ዋጋ የለውም።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ሁሉም በቀኝ ተከላካዩ ላይ ወረደበት። እኔ አልተስማማሁም። የእሱ ዓይን የያዘው ሰው ላይ ነው። መስመሩን የሚያየው የመሀሉ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 በአምበልነት፣ በ1990 ደግሞ በአሰልጣኝነት የዓለም ዋንጫን ያነሳው ፍራንዝ ቤከንባወር ከኋላ ሆኖ ጨዋታ የሚመራ ተከላካይ ነበር። ከዚያ ቦታ ሜዳው ሁሉ ፊት ለፊት ነው። ያዩትን ካልተናገሩት ግን ምን ይጠቅማል?

በማግስቱ ልጁን ለብቻው ጠራሁት።

«ለምን ‹ውጡ› አላልካቸውም?»

«አሰልጣኝ፣ ታላላቆቼ ናቸው እኮ። እንዴት ብዬ ላዛቸው?»

ልቤን ነካኝ። አምበሉን የሚሰሙት ለዓመታት አብሯቸው ስለተጫወተ ነው። ይሄ ልጅ ያንን ክብር ከየት ያመጣዋል? መስጠት ያለብኝ እኔ ነኝ። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም ሰበሰብኩና «እሱ ውጡ ካለ ትወጣላችሁ። ጥሪው ተሳስቶ ጎል ቢገባብን ተጠያቂው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ከዚያ በሦስት ቃል ሠራን፦ «ውጡ»፣ «ቁሙ»፣ «ከኋላህ»። ቃሉ ከረዘመ ኳሷ ትቀድማለች። ጥሪ ሳይሰማ የተንቀሳቀሰ ካለ ከመጀመሪያው እንደገና። ልጁ መጀመሪያ ላይ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ አለ። የቀኝ ተከላካዩ ራሱ «ጮክ በል እንጂ ወንድሜ፣ እየጠበቅንህ ነው!» ሲለው ተፈታ።

አሁን የመሀል ተከላካይ ስመርጥ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ የማዳምጥበት ጊዜ አለኝ። ጎል ከገባ በኋላ የሚጮህ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው ኳሷ ገና ወደ ኋላ ስትመለስ የሚናገረውን ነው።