የደንብ ልብሱ የማን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ ከማስተምራቸው ተማሪዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት የፖሊስ አባላት ናቸው። ስለ ፖሊስ ገለልተኝነት ስንወያይ አንድ ጎልማሳ ኢንስፔክተር፣ «መምህር፣ በውጭ አገር ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ሰልፋቸው ላይ ፖሊስ አይምጣብን ይላሉ አሉ፤ ጥበቃ የማይፈልግ ሰልፈኛ አለ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ክፍል ውስጥ የሰጠሁት መልስ አጭር ስለነበር እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የውጭዎቹ ዓመታት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ፕራይድ የሚባለው ሰልፍ የተወለደው ከፖሊስ ጋር ከተደረገ ግጭት ነው። በጁን 1969 የኒውዮርክ ፖሊስ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የሚያዘወትሩትን ስቶንዎል ኢን የተባለ መጠጥ ቤት ሲወር ደንበኞቹ እምቢ ብለው ተጋፈጡት፤ በዓመቱም ዕለቱን ለማሰብ የመጀመሪያው ሰልፍ ወጣ። በሲድኒ በ1978 ማርዲ ግራ በሚባለው የከተማዋ ፕራይድ የመጀመሪያ ሰልፍ ላይ 53 ሰዎች ታሰሩ። በቶሮንቶ ደግሞ በ1981 ፖሊስ በአንድ ሌሊት ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች የሚያዘወትሯቸውን የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቶች ወርሮ ወደ 300 የሚጠጉ ወንዶችን ያዘ። የቶሮንቶና የሲድኒ ፖሊስ ይቅርታ የጠየቁት በ2016 ሲሆን፣ የኒውዮርኩ ኮሚሽነር ጄምስ ኦኒል የጠየቁት የስቶንዎሉ ወረራ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በጁን 2019 ነው።

የሰልፎቹ አዘጋጆች በዋናነት የከለከሉትም ፖሊስ የደንብ ልብሱን ለብሶ ከሰልፈኛው ጋር መጓዙን ነው። ቶሮንቶ በ2017፣ ኒውዮርክ በ2021 እንዲህ ወሰኑ፤ ኒውዮርኮች ጥበቃውንም ቢሆን በተቻለ መጠን በግል ጠባቂዎች እንዲሸፈን፣ ፖሊስም ራቅ ብሎ እንዲቆም ፈልገዋል። በሲድኒ በ2024 አንድ የፖሊስ አባል ፍቅረኛሞች የነበሩ ሁለት ወንዶችን በመግደል ሲከሰስ፣ አዘጋጆቹ መጀመሪያ ፖሊስ ጨርሶ እንዳይሰለፍ ጠየቁ፤ በኋላ ያለ ደንብ ልብስ እንዲሰለፍ ተስማሙ።

ኢንስፔክተሩ አልረኩም። «ፖሊሱ ራሱ ከእነሱ ወገን ቢሆንስ?» አሉ። እኔን የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው። በኒውዮርክ እንዲህ ያሉ የፖሊስ አባላት ከ1982 ጀምሮ የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ በመሥሪያ ቤታቸው ተገፍተው እንደኖሩ ሁሉ አሁን ደግሞ በራሳቸው ወገን ተገፋን ቢሉ አይፈረድባቸውም። ቶሮንቶም በ2019 ክልከላው እንዲቀጥል የወሰነችው በሁለት ድምፅ ብልጫ ብቻ ነበር።

ያም ሆኖ ክልከላው ልክ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የደንብ ልብሱ የመንግሥት ሥልጣን ምልክት እንጂ የለባሹ ንብረት አይደለም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ሲከበር እዚህ ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ ጥበቃ የሚቆም ፖሊስ፣ በዓሉ የገዛ በዓሉ ቢሆንም እንኳ በሥራ ሰዓቱ የበዓሉን ጭፈራ፣ ቄጣላን፣ አይጨፍርም። የሚገርመው፣ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2025 ከተቃራኒው ወገን በቀረበ አቤቱታ እዚያው ድምዳሜ ላይ መድረሱ ነው፤ የኖርዘምብሪያ ፖሊስ በኒውካስል ፕራይድ ላይ በደንብ ልብስ መሳተፉ የገለልተኝነት ግዴታውን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። አንዱ ወገን ፖሊስን ስለማያምን፣ ሌላው ደግሞ ፖሊስ ለባላንጣው አድልቷል ብሎ ስለሚሰጋ፣ ሁለቱም ዳር ቁም ይሉታል።

በእኛ አገር ጥያቄው እዚህ ደረጃ አይደርስም። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ወሲባዊ ድርጊት በእስራት ያስቀጣል፤ ሰልፍም የለም። ስለሆነም ጥያቄውን ገልብጬ ለክፍሉ አቀረብኩ፦ «ምስጢርህን አወጣለሁ» እየተባለ ገንዘብ የሚዘረፍ ሰው ጣቢያ ቢመጣ የትኛውን መዝገብ ትከፍታላችሁ፣ የዘራፊውን ወይስ በእሱ ላይ የአንቀጽ 629ኙን? ኢንስፔክተሩ «የዘረፋውን» ሲሉ፣ ከኋላ የተቀመጠ ወጣት ኮንስታብል «ሁለቱንም» አለ። እንዲህ ያለው ተበዳይ የኮንስታብሉን መልስ አስቀድሞ ስለሚገምት ወደ ጣቢያ አይመጣም፤ ዘራፊውም ይህን ያውቃል።