መታወቂያ የሌላት እናት ልጅ

የማስተምረው አንደኛ ክፍል ነው፤ አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት። ስለ ሕፃናት ድህነት ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የወላጅ ገቢ ነው። ልክ ነው። ግን የእናትየው ገቢ ሳይጨምርም የልጇ ውሎ ሊለወጥ እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁ።

የከተማው አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ከመጀመሩ በፊት፣ ከእረፍት በኋላ ዴስክ ላይ ተደፍተው የሚተኙ ልጆች ነበሩ። ላላወቀ ሰው ሰነፎች ይመስላሉ። ምሳ ሰዓት ላይ "አልራበኝም" ብለው ግቢውን የሚዞሩም ነበሩ። የሌላው ምሳ ዕቃ ሲከፈት አጠገቡ መቀመጥ ከብዷቸው ነው። አሁን ጠዋት ቁርስ፣ ቀትር ላይ ምሳ አለ። አንድ ቀን ፍርፍር፣ አንድ ቀን ሩዝ፣ አንድ ቀን እንጀራ በምስር። ሁሉም ከአንድ ድስት ስለሚበላ የማን ቤት እንደጎደለ አይታወቅም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ደብተርና ዩኒፎርምም በነጻ ሆኗል፤ የቀን ሠራተኛ ወላጅ መስከረም ሲጠባ ምን ይሰማው እንደነበር ያየ ሰው ይረዳኛል።

ደግሞ መጋቢ እናቶቹን ተመልከቱ። አብዛኞቹ የዚያው ሰፈር ሴቶች ናቸው፤ ልጆቻቸው እኛው ጋ የሚማሩም አሉ። ልጁ ይበላል፣ እናቱ ደመወዝ ታገኛለች።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ክፍሌ ውስጥ ያለች አንዲት ልጅ እናቷ ልብስ አጥባ ነው የምታሳድጋት። የሚኖሩት ተከራይተው ነው። እናትየው ከገጠር የወጣችው በልጅነቷ ነው፤ መሸኛ፣ ማለትም ከቀድሞ ቀበሌዋ የሚጻፍ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ የላትም። አከራይዋ ደግሞ በቤቱ ሊያስመዘግባት አልፈለገም። መታወቂያ ላውጣ ስትል ወረዳው መሸኛ አምጪ ይላታል። ከየት ታምጣ? በልጅነቷ በወጣችበት ቀበሌ ማን ያውቃታል?

መታወቂያ ከሌለ የሚቀረው ብዙ ነው። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት፣ ለድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ ለእንደዚህ ዓይነት ቤተሰብ የታሰበ ነበር። መክፈል ለማይችሉ የጤና መድህን መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ግን ሁለቱም የሚያልፉት በወረዳ ዝርዝር በኩል ነው፣ እሷ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ልጅቷ ጆሮዋን ሲያማት እናትየው "ይለፍላታል" ብላ ቤት አስቀመጠቻት። ከትምህርት የቀረች ልጅ ደግሞ ምገባውም ይቀርባታል። ታማም ርቧትም ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ድጋፍ የሚያስፈልገው ሰው መጀመሪያ የሚወድቀው በወረቀት ነው። ይሄ መስተካከል የሚችል ነገር ነው። እኛ መምህራን የትኛው ልጅ ቤት እንደጎደለ እናውቃለን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ስለሚሄዱ ማን የት እንደሚኖር ያውቃሉ። የልጇ ስም ለዓመታት መዝገባችን ላይ ያለ እናት የሰፈሩ ነዋሪ ካልሆነች ማን ነው ነዋሪ? ወረዳው የትምህርት ቤታችንን ደብዳቤና የጎረቤት ምስክርነት ይቀበል፤ ቢያንስ ለሕክምናና ለሴፍቲኔት። መታወቂያው ጊዜ ቢወስድም ልጅቷ እስከዚያ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ይህን በወላጆች ስብሰባ ላይ አንስቻለሁ፤ ለሚቀጥለውም የወረዳው ሰዎች እንዲገኙ ጠይቀናል። የእናንተ ሰፈር ወረዳ መፍትሔ ያገኘለት ከሆነ እንዴት እንዳደረገው ጻፉልኝ፣ ይዤ እሄዳለሁ።