መቅደላ ከመውደቁ በፊት

ሚያዝያ 6፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሰዉበት ቀን፣ በመጣ ቁጥር የምናወራው ስለ ሽጉጡ ብቻ ነው። ሰሞኑን እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ቡና ይዘን ቁጭ እንዳልን የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ እንዴት በአንድ ቀን ይያዛል?» አለኝ። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። መቅደላ የተሸነፈው ከመከበቡ በፊት ነው፣ እታች አገሩ ላይ።

አፄ ቴዎድሮስ ወሎን ገብተው አምባውን የያዙት በ1848 ዓ.ም. ነው። አናቱ ሜዳ፣ ዳሩ ገደል ስለሆነ ግምጃ ቤት አደረጉት፣ እስር ቤትም አደረጉት። የሸዋው ልጅ ምኒልክ እዚያ አድጎ በ1857 ዓ.ም. አመለጠ። የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ተቀብላ አሳለፈችው። ንጉሡ ይህን ሲያውቁ እስረኛ የነበረውን ልጇን በበቀል ከገደሉ አስወረወሩት። ከዚህ በኋላ የወሎ ሰው እንዴት አብሯቸው ይቁም? አቡነ ሰላማም እዚያው እንደታሰሩ አረፉ። ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ፣ ግን ይሄንን ዘሎ ታሪካቸውን መተረክ አይሆንልኝም።

ሴባስቶፖልም አለ። ጋፋት ላይ የተሠራው ያ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ፣ ለወራት፣ መንገዱ እየተጠረገ፣ ገደሉ እየተናደ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ። አገር እየከዳቸው መንገድ ሲሠሩ! እዚህ ጋ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ደግሞ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን ፈረንጆች ለማስፈታት ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወርዶ ወደ 13,000 ወታደርና ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ ያን ሁሉ ተራራ ሲያቋርጥ መንገድ ላይ የገጠመው ጦር የለም። የትግራዩ ካሳ እህል እንዲሸጥለት ፈቀደ። የላስታው ገዥ ዋግሹም ጎበዜም ዝም ብሎ አሳለፈው። ሁለቱም ከቴዎድሮስ ጋር የየራሳቸው ቂም ነበራቸው።

የስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ወደ 700 የሚሆን የቴዎድሮስ ወታደር አለቀ። ንጉሡ እስረኞቹን ፈረንጆች ለቀቁ፣ ለእንግሊዞቹ የፋሲካ ከብት ላኩ፣ ናፒየር ግን እጅ ካልሰጡ አለ። ሰኞ ዕለት እንግሊዞች በሩን ጥሰው ሲገቡ ንጉሡ አብረዋቸው ለቀሩት ጥቂት ሰዎች ሂዱ ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ።

ናፒየር ሲመለስ ለካሳ መድፍና ጠመንጃ ሰጠው። ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነግሦ ነበር። ካሳ በዚያው መሣሪያ አድዋ አጠገብ አሸነፈውና በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ 4ኛ ተብሎ ዘውድ ጫነ።